ዞቴሮን ከባዶ ማዘጋጀት፦ ንጹሕ መዝገብ፣ ትክክለኛ ስታይል፣ የማይፈርስ ማጣቀሻ

የዋቢዎችን ዝርዝር በእጁ ሲለቅም የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ችግር ይታወቃል። ጽሑፉ ውስጥ የጠቀሰው ሥራ ከዝርዝሩ ይጎድላል፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ የለም። የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ይህን ያስቀራል። የማያስቀረው ሌላ ነገር አለ፦ የተበላሸ መዝገብ፣ ማለትም በስህተት የገባ የአንድ ሥራ መረጃ። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን መልሶ ያትማል እንጂ ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ርዕሱ በትክክል ተጽፎ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስታይል (የማጣቀሻ አጻጻፍ ቅርጽ) ከመምረጥ ይልቅ መዝገብ ማጥራት ላይ ረዘም ይላል። ስታይል በሁለት ደቂቃ ይቀየራል፤ 200 የተበላሹ መዝገቦች ግን በሁለት ደቂቃ አይታረሙም።

እዚህ የምናሳየው በዞቴሮ ነው። ዞቴሮ በ2006 በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል የተጀመረ፣ በነጻ የሚሠራና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ኤንድኖት ወይም ሜንደሌይ የሚጠቀም ሰውም ስለ መዝገብ ማጥራት የተባለውን እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ የሚለያየው የቁልፎቹ ቦታ ነው።

መጫን

ዞቴሮ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ዋናው ፕሮግራም፣ ብራውዘር ላይ የሚቀመጠው ኮኔክተር፣ ዎርድ ውስጥ የሚገባው ተጨማሪ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ዎርድ ክፍት ከሆነ ይዝጉት። ዋናውን ፕሮግራም ከዞቴሮ ዶት ኦርግ አውርደው ይጫኑና አንድ ጊዜ ይክፈቱት።
2. ከዚያው ገጽ ለሚጠቀሙበት ብራውዘር ኮኔክተሩን ይጨምሩ። ምልክቱ ከተደበቀ ከብራውዘሩ የተጨማሪዎች ዝርዝር አውጥተው በሚታይ ቦታ ይሰኩት፤ ካላዩት አይጠቀሙበትም።
3. ዎርድን ይክፈቱ። ከላይ ካሉት ትሮች መካከል «ዞቴሮ» የሚል መታየት አለበት። ካልታየ ዞቴሮ ውስጥ «ሴቲንግስ»ን ይክፈቱ፣ «ሳይት» ወደሚለው ክፍል ይግቡና የዎርድ ተጨማሪውን እንደገና የሚጭነውን ቁልፍ ይጫኑ። ሊብሬኦፊስ የሚጠቀሙም ከዚሁ ቦታ ይጭናሉ። ለጉግል ዶክስ የተለየ ነገር አያስፈልግም፤ ኮኔክተሩ ራሱ ይዞት ይመጣል።
4. ነጻ አካውንት ይክፈቱና «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲንክ» (ኮምፒውተሮችን ማመሳሰያ) ላይ ያስገቡት።

ስለ ሲንክ አንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። መዝገቦቹ ማለትም ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ማስታወሻና የመሳሰሉት ያለ ገደብ በነጻ ይመሳሰላሉ። ገደቡ የተያያዙ ፋይሎች ላይ ነው፤ በነጻ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። በፒዲኤፍ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ የፋይል ሲንኩን ብቻ ያጥፉ፤ የመዝገቡ ይቀጥላል። በተጨማሪ «ጄኔራል» ክፍል ውስጥ ድረ ገጽ ሲቀመጥ የገጹን ሙሉ ቅጂ አብሮ የሚወስደውን አማራጭ ካልፈለጉት ምልክቱን ያንሱ። ያ ቅጂ ሳይታወቅ ቦታ የሚበላ ነው።

ብዙ ሰው ላይብረሪውን (የመዝገቦቹን ስብስብ) የሚያጠፋበት ስህተት ደግሞ ይኸው፦ የዞቴሮን የዳታ ፎልደር ድሮፕቦክስ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ ማስቀመጥ። መዝገቡ በሙሉ ያለው አንድ የዳታቤዝ ፋይል ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ይህ ፋይል ይጻፍበታል። የክላውድ አገልግሎቱ በዚያው ቅጽበት በከፊል የተጻፈውን ወስዶ ሲጭን፣ ወይም ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ሲነኩት ዳታቤዙ ይበላሻል። ፎልደሩ ባለበት ይቆይ፤ ኮምፒውተሮችዎን የሚያገናኘው የዞቴሮ ሲንክ ነው። ሲንክ ግን ባካፕ አይደለም፤ እዚህ ያጠፉት እዚያም ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ዞቴሮን ዘግተው ሙሉ ፎልደሩን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱ። ዘግተው ያልነው በምክንያት ነው፤ ክፍት እያለ የተቀዳ ዳታቤዝ ላይመለስ ይችላል።

መዝገብ ማስገባት

ሦስት መንገዶች አሉ፤ ጥራታቸው እኩል አይደለም።

ምርጡ ከአሳታሚው ገጽ በኮኔክተሩ ማስቀመጥ ነው። የጽሑፉን አጭር መግለጫ (አብስትራክት) የያዘው ገጽ ላይ ሆነው የኮኔክተሩን ምልክት ይጫኑ። ምልክቱ እንደ ገጹ ይቀያየራል፤ የወረቀት ምስል ከሆነ የጆርናል ጽሑፍ፣ የመጽሐፍ ምስል ከሆነ መጽሐፍ፣ ፎልደር ከሆነ ገጹ ላይ ብዙ ሥራዎች አሉና ይምረጡ ማለት ነው። ፒዲኤፉን ራሱን ከፍተው አያስቀምጡ፤ ያኔ ዞቴሮ ከፋይሉ ውስጥ መረጃ ለመገመት ይገደዳል።

ሁለተኛው ዞቴሮ ውስጥ የአስማት ዘንግ የምትመስለዋን ምልክት ተጭኖ መለያ ቁጥር ማስገባት ነው። ዲኦአይ (የአንድ ጽሑፍ ቋሚ መለያ)፣ የመጽሐፍ አይኤስቢኤን፣ የፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ቁጥር ወይም የአርካይቭ (arXiv፣ የቅድመ ኅትመት ጽሑፎች ማከማቻ) ቁጥር ትቀበላለች። ብዙ ዲኦአይ በአንድ ጊዜ መለጠፍም ይቻላል። አንድ የቆየ የዋቢ ዝርዝር ወደ ዞቴሮ ለማስገባት ከዚህ የፈጠነ የለም።

ሦስተኛው የተጠራቀሙ ፒዲኤፎችን ጎትቶ መጣል ነው። ዞቴሮ ውስጣቸው ዲኦአይ ካገኘ መዝገቡን ራሱ ይሠራል። የተቃኘ አሮጌ ፋይል ከሆነ ግን የፋይሉ ስም ብቻ ይቀራል፤ እሱን በእጅ መሙላት ነው።

ከጉግል ስኮላር የፍለጋ ውጤት በቀጥታ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ዲኦአይ የሌለው፣ የደራሲው ስም በመጀመሪያ ፊደል ብቻ የቀረ መዝገብ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ውጤቱን ተጭነው ወደ አሳታሚው ገጽ ይለፉ።

መዝገቡን ማጥራት

እያንዳንዱ መዝገብ ሲገባ በስተቀኝ ያለውን ክፍል ከላይ እስከ ታች ይመልከቱ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉ በፊት «አይተም ታይፕ» የሚለውን ይዩ፤ ስታይሉ ምን ምን እንደሚያትም የሚወስነው እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ «ድረ ገጽ» ተብሎ ከገባ የዩኒቨርሲቲው ስም የሚጻፍበት ሳጥን እንኳ አይኖርም። «ቴሲስ» ብለው ከቀየሩት በኋላ «ታይፕ» በሚለው ሳጥን የዶክትሬት ይሁን የማስተርስ ይጻፉ።

ርዕስ። የእንግሊዝኛ ርዕሶች እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ሲጀምር፣ አንዳንዴም ሁሉም በትልልቅ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ላይብረሪው ውስጥ የመጀመሪያው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ በትልቅ ፊደል ተጽፈው ይቀመጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስታይሉ ትንሹን ወደ ትልቅ መቀየር ይችላል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲመለስ ግን የትኛው ቃል የአገር ወይም የሰው ስም እንደሆነ መለየት አይችልም። ርዕሱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ «ትራንስፎርም ቴክስት» ይመጣል፤ ከሱ ውስጥ «ሴንተንስ ኬዝ»ን ይምረጡና የተጸውኦ ስሞቹን በዓይንዎ ያስተካክሉ።

ደራሲ። አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ስም ሁለት ሳጥን አለው፤ የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስም። የድርጅት ስም በሁለቱ ሳጥኖች ከተከፋፈለ የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝሩ ላይ «ድርጅት፣ ዓ. ጤ.» እንደማለት ሆኖ ይወጣል። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነው ወደ አንድ ሳጥን ይቀይሩትና ሙሉ ስሙን ይጻፉ።

ይኸው ምልክት የቤተሰብ ስም ለሌላቸው ደራስያንም ይሠራል። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ በሁለት ሳጥን ከገባ «ከበደ፣ አ.» ተብሎ በአባቱ ስም ይደረደራል። በአንድ ሳጥን ከገባ «አበበ ከበደ» ተብሎ በራሱ ስም ይደረደራል። የትኛው ይሁን የሚለውን የተቋምዎን መመሪያ አይተው ይወስኑ፤ ከወሰኑ በኋላ ግን ላይብረሪው በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ሰውየው በእንግሊዝኛ ጆርናል ላይ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ ካሳተመና ጆርናሉ ሁልጊዜ እንደዚያ የሚጠቅሰው ከሆነ በሁለት ሳጥን መተው ይሻላል፤ አንባቢው ሥራውን ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ነውና።

በአማርኛ ፊደል ለሚገቡ ስሞች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። እኛ ኃይሉና ሀይሉን፣ ፀሐይና ጸሐይን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስሙን መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው ይውሰዱ፤ የአንድ ደራሲ መጻሕፍት በተለያየ ፊደል ከታተሙ ደግሞ አንዱን መርጠው በሁሉም ላይ ይጻፉ። በግዕዝ ፊደልና በላቲን ፊደል የተጻፉ ዋቢዎች በአንድ ዝርዝር ሲቀላቀሉ የላቲኖቹ ቀድመው ይደረደራሉ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስታይል) የሚሠራ ከሆነ የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ጽፈው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ያስከትሉ፤ ይህ ሁሉ በርዕሱ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ዓመት። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ በሚታተምበት ቦታ «ቀን የለውም» የሚለው ምልክት ይወጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተመ መጽሐፍ ላይ 2009 ቢጻፍ ስታይሉ የአውሮፓ 2009 አድርጎ ነው የሚያትመውም የሚደረድረውም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ለታተመ 7፣ ከዚያ በኋላ ለታተመ 8 ይደምሩ፤ ወሩ ካልታወቀ አብዛኛው የዓመቱ ክፍል በ8 ስለሚሰላ 8 መውሰድ ይቻላል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት «ኤክስትራ» በሚለው ሳጥን ያኑሩት፤ በኋላ ለማመሳከር ይጠቅማል።

የቀሩት፣ ማለትም ቅጽ፣ ቁጥር፣ ገጽና ዲኦአይ፣ ካሉ አሉ ከሌሉ የሉም። የጎደለው የሚገኘው አሳታሚው ገጽ ላይ ነው።

ስታይል መምረጥ

ዞቴሮ ጥቂት የተለመዱ ስታይሎችን ይዞ ይመጣል። ለሌሎቹ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሳይት»ን ከፍተው ተጨማሪ ስታይል የሚያመጣውን መስመር ይጫኑ። ማከማቻው ከ10,000 በላይ ስታይሎች አሉት። የጆርናሉን ስም ይጻፉ፤ ከተገኘ በሱ ይሥሩ።

አማካሪዎ ወይም የትምህርት ክፍልዎ «ኤፒኤ» ብቻ ካለ እትሙን ይጠይቁ። አሁን የሚሠራበት 7ኛው እትም በ2019 መጨረሻ የወጣ ሲሆን ከ6ኛው ጋር የሚታይ ልዩነት አለው። ሦስትና ከዚያ በላይ ደራስያን ካሉ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የመጀመሪያው ደራሲ ስምና «እና ሌሎች» ብቻ ይጻፋል። ዝርዝሩ ላይ እስከ 20 ደራስያን በስም ይዘረዘራሉ። የአሳታሚው ከተማ ቀርቷል። ዞቴሮ ከተማ የሚጻፍበት ሳጥን ስላለው ብቻ ዝርዝሩ ላይ መውጣት የለበትም፤ ለሌላ ስታይል ያስፈልጋልና መዝገቡ ውስጥ ግን ይኑር።

ቺካጎ የተባለ እንደሆነ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ደራሲና ዓመት በቅንፍ የሚያደርግ፣ ሌላው የግርጌ ማስታወሻ የሚጠቀም። በምህንድስና ዘርፍ የተለመደው አይትሪፕልኢ (IEEE) በማዕዘን ቅንፍ ቁጥር ያስገባል፤ ቁጥሩ የሚሰጠው ጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። ከቅንፍ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ሲቀይሩ ዞቴሮ ማጣቀሻዎቹን ራሱ ወደ ግርጌ ያወርዳቸዋል። እርስዎ በእጅዎ ግርጌ ማስታወሻ ከፍተው ውስጡ ያስገቧቸው ግን ስታይሉ ወደ ቅንፍ ቢመለስም እዚያው ግርጌ ይቀራሉ።

ተቋሙ የራሱ ስታይል ኖሮት ማከማቻው ውስጥ ከሌለ ወዲያው ፋይል ወደ ማረም አይሂዱ። ከመመሪያው ላይ አምስት ምሳሌዎችን ይምረጡ፦ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጆርናል፣ አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንድ ድረ ገጽ። እነዚህን በሦስት አራት ተቀራራቢ ስታይሎች አውጥተው ያወዳድሩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ከነጠላ ሰረዝ ልዩነት በቀር ልክ ይመጣል። ማረም ግድ ከሆነ የስታይሉን ስምና በውስጡ ያለውን መለያ ሁለቱንም ይቀይሩ። መለያው የድሮው ከሆነ ዞቴሮ ስታይሎቹን ሲያድስ ያረሙትን በዋናው ይደመስሰዋል።

ዎርድ ውስጥ ማስገባት

1. ጠቋሚውን ማጣቀሻው የሚገባበት ቦታ ላይ አድርገው ከዞቴሮ ትር «አድ ኦር ኤዲት ሳይቴሽን»ን ይጫኑ። መጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስታይል ያስመርጥዎታል።
2. በሚመጣው መፈለጊያ ላይ የደራሲውን ስም ወይም ከርዕሱ አንድ ቃል ይጻፉ። የመጣውን ይምረጡ፤ ስሙ በትንሽ ሞላላ ሳጥን ውስጥ ይገባል።
3. ገጽ መጨመር ከፈለጉ ሞላላውን ይጫኑ። የገጽ ቁጥር፣ ከፊት የሚገባ ቃል («ይመልከቱ» ዓይነት) እና ከኋላ የሚገባ ቃል የሚጻፉባቸው ሳጥኖች ይከፈታሉ። «አበበ (2019) እንደሚለው» ብለው ስሙን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ከጻፉት እዚያው «ኦሚት ኦተር» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ቅንፉ ውስጥ ዓመቱ ብቻ ይቀራል።
4. ሁለት ሦስት ሥራዎች አንድ ላይ የሚጠቀሱ ከሆነ በአንዱ መፈለጊያ ተከታትለው ይግቡ። ለየብቻ ካስገቧቸው ሁለት ቅንፍ ጎን ለጎን ይቆማል።
5. ዝርዝሩ በሚገባበት ገጽ ላይ «አድ ኦር ኤዲት ቢብሊዮግራፊ»ን አንድ ጊዜ ይጫኑ። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ በራሱ ይታደሳል።

ዎርድ ላይ የወጣውን ማጣቀሻ በእጅ አይንኩ። የደራሲው ስም ስህተት ከሆነ ዞቴሮ ውስጥ ያርሙትና «ሪፍሬሽ» ይበሉ። በእጅ የተነካ ማጣቀሻ ከመዝገቡ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ስታይል ሲቀየር ያ አንዱ ብቻ በአሮጌው መልክ ይቀራል።

ጽሑፉ ረዝሞ እያንዳንዱ ማጣቀሻ ሲገባ ዎርድ የሚቆም ከሆነ «ዶክዩመንት ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ራሱ እንዲያድስ የሚያደርገውን ምልክት ያንሱ። ከዚያ በቀን አንዴ ሁለቴ «ሪፍሬሽ» ይበቃል። ፋይሉን ከዎርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ወይም ወደ ጉግል ዶክስ ለማሻገርም እዚሁ መስኮት ውስጥ ወደ ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም የሚያዛውር ቁልፍ አለ። እሱን ሳይጫኑ ፋይሉን ሌላ ቦታ ከፍቶ ማስቀመጥ ማጣቀሻዎቹን ያጠፋል።

ሲበላሽ ምን እንደሆነ ማወቅ

ቅንፍ ውስጥ ድንገት የመጠሪያ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቅ ይላል፤ «ከበደ፣ 2019» መሆን ሲገባው «አ. ከበደ፣ 2019» ይሆናል። ሰዎች ስታይሉ ተበላሸ ብለው ይቀያይሩታል። ስታይሉ ምንም አልሆነም። ላይብረሪው ውስጥ አንዱ መዝገብ «ከበደ፣ አ.»፣ ሌላው «ከበደ፣ አበበ» ተብሏል፤ ዞቴሮ ሁለት ከበደዎች አሉ ብሎ አንባቢው እንዳይሳሳት እየለየ ነው። በዞቴሮ መፈለጊያ «ከበደ» ብለው የተጠቀሱትን መዝገቦች ሁሉ ያውጡና ስሙን አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ ከዚያ «ሪፍሬሽ» ይበሉ። ክፍት ቦታ ወይም ነጥብ ልዩነት እንኳ ይህን ያመጣል።

አንድ ሥራ ዝርዝሩ ላይ ሁለቴ ወጥቶ «2019ሀ» እና «2019ለ» እንደማለት በፊደል ተለያይቶ ካዩ ያ መዝገብ ሁለት ጊዜ ገብቷል። በስተግራ «ዱፕሊኬት አይተምስ» የሚለውን ከፍተው ሁለቱን ያዋሕዱ። አንዱን ማጥፋትና ማዋሐድ አንድ አይደለም፤ ሲዋሐዱ ዎርድ ውስጥ በሁለቱም የገቡት ማጣቀሻዎች ወደ አንዱ ይጠቁማሉ፣ ሲጠፋ ግን በጠፋው የገባው ማጣቀሻ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ሲጻፍ ይኸው ችግር በሌላ በር ይመጣል። ከግል ላይብረሪ ወደ ቡድን ላይብረሪ የተጎተተ መዝገብ አዲስ ቅጂ ነው። አንዱ ጸሐፊ ከግሉ፣ ሌላው ከቡድኑ ከጠቀሰ ዞቴሮ ሁለት ሥራ ይላቸዋል። በጋራ የሚጻፍ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቡድን ላይብረሪ ብቻ ይጠቀስ፤ ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙበት።

ማስረከብ

መጨረሻ ላይ «ሪፍሬሽ» ብለው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይን ያንብቡ፤ «ቀን የለውም» የሚለው ምልክት፣ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ርዕስ፣ የተቆራረጠ የድርጅት ስም ካለ ዞቴሮ ውስጥ ተመልሰው ያርሙ። ከዚያ ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡና በቅጂው ላይ «አንሊንክ ሳይቴሽንስ»ን ይጫኑ። ማጣቀሻዎቹ ከዞቴሮ ተፈትተው ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ የጆርናሉ ሲስተም ወይም የሌላ ሰው ኮምፒውተር አያናጋቸውም። ጉግል ዶክስ ላይ የጻፉትም ከማውረዳቸው በፊት በቅጂ ላይ ይህንኑ ያድርጉ፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ማጣቀሻ ወደ ዞቴሮ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሆኖ ይወርዳል።

አንዴ የተፈታ ማጣቀሻ ተመልሶ አይታሰርም። ስለዚህ የተፈታውን ፋይል ስሙ ላይ ቀኑን ጽፈው ለይተው ያስቀምጡ። አማካሪዎ አስተያየታቸውን በሱ ላይ ቢመልሱልዎትም እርማቱን የሚያስገቡት ባልተፈታው ውስጥ ነው።